ጅቡ በስም ሲጣራ

አድምጡኝማ! የዛሬው ወሬ ከሮም ይነሳል፤ አሜሪካ ውስጥ አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ያድራል፤ መተማ ዮሐንስ ደርሶ ይወርዳል። መንገዱ ሩቅ ነውና ጥላ ጥላውን ያዙ፤ የቆላ ፀሐይ ይሉኝታ አታውቅም። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ አስታውቃለሁ።

በሮም ፕሊኒ የሚባል ሹም ነበረ። የመርከብ ጦር አዛዥ ነው፤ መጽሐፍ ግን ከአጠገቡ አይጠፋም። ማዕድ ቀርቦም ይነበብለታል፣ ገላውን ሲታሽም ይነበብለታል። ያነበበውንና የሰማውን ሰብስቦ በ77 ገደማ 37 ክፍል ያለው «የተፈጥሮ ታሪክ» የተባለ መጽሐፍ አወጣ። በስምንተኛው ክፍል የአራዊትን ነገር ሲያወራ ወደ ኢትዮጵያ ይዘልቃል። የዚያ ዘመን ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ ነው፤ ኑብያውም፣ መርዌውም፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ደጋው ግርጌ የተዘረጋው ቆላም ከዚያው ይቆጠራል።

ምን አለ መሰላችሁ? በዚያ አገር ክንፍም ቀንድም ያላቸው ፈረሶች አሉ አለ። የዓባይ ምንጭ ነው ከሚባል ውኃ አጠገብ ካቶብሌፓስ የሚሉት አውሬ ይኖራል፤ ራሱ ስለሚከብደው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ መድፋቱም ለሰው ልጅ ምሕረት ነው፤ ዓይኑን ያየ ሰው እዚያው ክልትው ይላልና። ሉክሮኮታ የሚሉት ደግሞ አለ፤ ቁመቱ አህያ ያህላል፣ ዳሌው የአጋዘን፣ አንገቱና ደረቱ የአንበሳ፣ አፉ እስከ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ በጥርስ ፈንታ ወጥ አጥንት የተገጠመለት፤ የሰውንም ድምፅ ያስመስላል። ስለ ጅብማ ያለውን ስሙት። ጅብ ሌሊት እረኞች ደጅ ያደፍጣል፤ ወሬያቸውን ሲያደምጥ የአንዱን ስም ይይዛል፤ ከዚያ በሰው አንደበት በስሙ ይጠራዋል። «አቤት» ብሎ የወጣ እረኛ አይመለስም።

ፕሊኒ ከዚህ አንዱንም አላየም። ፈሪ ስለነበረ እንዳይመስላችሁ፤ በ79 የቬሱቪየስ ተራራ እሳት ሲተፋ ቀርቦ ለማየት መርከብ ያስነሳ፣ ኋላም ሰው ላድን ብሎ እዚያው ባሕር ዳር የሞተ ሰው ነው። ቬሱቪየስ ግን ቅርቡ ነበረ፤ ኢትዮጵያ ሩቅ ናት። ለሩቅ አገር ወሬ ይበቃል ተባለና ወሬው ተጻፈ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የትረካዬ ግንድ እሷ ናት።

አሁን አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት እንሻገር። ዊስኮንሲን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ሌክ ጀኒቫ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ጋሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። የኢንሹራንስ ቢሮ ሥራው ቀርቶበት በቤቱ ምድር ቤት ጫማ ይጠግናል፤ በትርፍ ሰዓቱ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታል። ጫማ ጠጋኝነቱን አትርሱ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጦርነት ጨዋታ ምን እንደሆነ በራሳችን ምድር ላስረዳችሁ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የሱዳን ደርቡሾችን ገጠሙ። የደርቡሹ አዝማች ዘኪ ቱማል ይባላል፤ ከተማውን በእሾህ አጥር አጥሮ ይጠብቃል። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ። ድሉ እጅ ገባ ሲባል ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ። አስከሬናቸውን ይዘው የሚያፈገፍጉትን ደርቡሾች መንገድ ላይ ደረሱባቸው፤ ጠባቂዎቹ ተዋግተው ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀረች።

የጦርነት ጨዋታ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን ውጊያ ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የብረት ወታደሮች ይደግመዋል። እግረኛው ስንት ነው? ፈረሰኛው በየት ዞረ? አጥሩ ባይጣስስ? እንዲህ እየተባለ ዳይስ ይጣላል፤ ጦር ይንቀሳቀሳል፤ የሞተው ይነሳል። በ1969 ግን ዴቪድ ዌስሊ የሚባል የሚኒሶታ ሰው አንድ አዲስ ነገር ሞከረ። ለየተጫዋቹ ጦር መስጠቱን ትቶ አንድ አንድ ሰው ሰጠ፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን ባለባንክ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ አለቃ አደረገው። ጨዋታው ከእጁ አመለጠ፤ ሰዎቹ በየጓዳው ይዶልቱ፣ ይዋዋሉ፣ ይካካዱ ጀመር። ከነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን በ1971 ይህንኑ ወስዶ ብላክሙር የሚባል የራሱን ዓለም ፈጠረ፤ ጓደኞቹንም በአንድ አምባ ሥር ወደተቆፈረ ጨለማ ዋሻ አወረዳቸው።

ጥያቄው በዚህ ተለወጠ። «ጦሩ ምን ሆነ?» መባሉ ቀረና «አንተ ምን ታደርጋለህ?» ሆነ። በዚያች በመጋቢት ሌሊት የንጉሡን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ብትሆን፣ የጠላት ፈረስ ኮቴ ከኋላህ ቢሰማህ፣ ምን ታደርግ ነበር? የውጊያ ካርታ ለዚህ መልስ የለውም።

ጋይጋክስና አርነሰን ተባበሩ፤ በጥር 1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለው ጨዋታ ወጣ። ሦስት ትንንሽ ደብተሮች በአንድ ሳጥን፣ ዋጋው 10 ዶላር፤ መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ነበር። አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን፣ አውሬውን፣ የተዘጋውን በር የሚያውቀው እሱ ነው። ሌሎቹ አንድ አንድ ሰው ይይዛሉ፤ ኃይሉን፣ ጥበቡን፣ ስንቁን በወረቀት ይጽፋሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ገደል አለ» ይላል። አንዱ «እዘላለሁ» ይላል። ይዘል እንደሆነ ወይ ይወድቅ እንደሆነ የሚቆርጠው ዳይሱ ነው። ተራኪውም ቢሆን መጨረሻውን አያውቀውም።

ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ብሎ «የላም በረት» ካልተባለ አይቀጥልም፤ ሰሚው የትረካው ባለድርሻ ነው። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ስንባባልማ ያቃተው አገር ይሰጣል። «አገር ስጠኝ» ሲባል «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል፤ ያኛውም ጎንደርን ተቀብሎ ይፏልልበታል። ምድጃ ዳር ተቀምጦ ከተማ የሚሾምና የሚሻር ሕፃን ጋይጋክስ ሳይወለድ ነበረ።

ጨዋታው ከምን ተቀዳ? ጋይጋክስ ራሱ ተናግሯል። በ1979 ለተራኪዎች ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያነሳሱትን ደራሲዎች ስም ደርድሯል። ጃክ ቫንስ አለ፤ የእሱ ጠንቋይ ድግምቱን በቃሉ አጥንቶ ይሄዳል፣ አንዴ ሲናገረው ግን ከአእምሮው ይፋቃል። የእኛ ደብተራ በብራና ጽፎ በክታብ ስለሚያስረው እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ፍሪትዝ ላይበር አለ፤ ሁለት ሌቦች በአንዲት የተንኮል ከተማ የሚያደርጉትን ይተርካል። ቶልኪን አለ። ሮበርት ሃዋርድ አለ። ስፕሬግ ደ ካምፕና ፍሌቸር ፕራት የሚባሉ ሁለት ጓደኞችም አሉ።

እነዚህን ሁለቱን ተከትለን ዞር እንበል፤ መንገዳቸው በእኛ ደጅ ያልፋልና። አንድ የዘመናችን ሰው ወደ ድሮ መጻሕፍት ዓለም ሲገባ የሚያሳዩ ታሪኮች ጽፈዋል፤ በ1941 ባወጡት አንዱ ታሪክ ሰውየው የሚገባው የጣሊያኑ ባለቅኔ አሪዮስቶ ወደፈጠረው ዓለም ነው። አሪዮስቶ በ1516 ባሳተመው ረጅም ግጥም ውስጥ ሴናፖ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ አለ። ወርቁ ስፍር የለውም፤ ግን ዓይኑ ታውሯል፤ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ሴት ፊት ያላቸው አሞሮች እየወረዱ ምግቡን ያበላሹበታል። አስቶልፎ የሚባል ፈረሰኛ ግማሹ ንስር ግማሹ ፈረስ የሆነ ሂፖግሪፍ ጋልቦ ይመጣና መለከቱን ነፍቶ አሞሮቹን እስከ ሲኦል አፍ ያሳድዳቸዋል። ሂፖግሪፉም አሞሮቹም በጋይጋክስ የአውሬ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። እኛ ጓዳ ውስጥ ተፈጸመ የተባለውን ነገር እኛ ሳንሰማው ዓለም ይጫወትበታል።

የአውሬውን መጽሐፍ ካነሳሁ ልግለጠው። በ1977 ወጣ፤ ከ350 በላይ አውሬ በፊደል ተራ ተሰልፏል። ካቶብሌፓስ አለ፤ አሁንም ራሱን መሸከም አቅቶታል፣ አሁንም ዓይኑ ይገድላል። ሉክሮታ በሚል ስም ያ የሰው ድምፅ አስመሳዩ አለ፤ በሕፃን ልቅሶ መንገደኛን ያታልላል። ክንፍ ያለው ፈረስም አለ። ከነሱ ጋር ኖል የሚባል ጎሳ አለ። ስሙ የመጣው ሎርድ ደንሰኒ የሚባል የአየርላንድ ደራሲ በ1912 ካሳተመው ተረት ነው፤ ደንሰኒ መልካቸውን ሳይገልጽ አልፏቸዋል። የ1977ቱ መጽሐፍ መልክ ሰጣቸው፤ ራሳቸው የጅብ፣ አቋማቸው የሰው ሆነ። ከፕሊኒ እረኞች ደጅ ያደፈጠው ጅብ በሁለት እግሩ ቆሞ ጨዋታ ገባ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ረጋ ብላችሁ ስሙ።

ሮበርት ሃዋርድ ቴክሳስ ውስጥ ክሮስ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የኖረ፣ በ1936 በ30 ዓመቱ የሞተ ደራሲ ነው። ኮናን የተባለውን ጎራዴኛ በ1932 ፈጠረ፤ ጋይጋክስን ካነሳሱት ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ትረካው ይነዳል፣ ይጋልባል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ለኮናን ዓለም ካርታ ሲያወጣ ግን ለደቡቡ ኩሽ፣ ፑንት፣ ዳርፋር የሚሉ ስሞችን አደለ። የዳርፋር ሰዎቹ ሌሊት በከተማ መንገድ እየዞሩ ሰው ይበላሉ። የመተማ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ዳርፉር እኮ የማዶዋ የድንበር ከተማ የገላባት ሾፌር ዘመድ ያለበት አገር ነው! ሃዋርድ አፍሪካን አላያትም። ከነገርኳችሁ የፕሊኒ ወሬ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ያ የማያውቀውን አገር በአውሬ ሞላው፣ ሃዋርድ ሰውን አውሬ አደረገው።

ይህን አንብቦ ዝም ያላለ አንድ ሰው ነበረ። ቻርልስ ሳውንደርስ ይባላል፤ በ1946 ፔንሲልቬንያ የተወለደ፣ ካናዳ የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ይወደዋል፤ ራሱን ግን የሚያገኘው በአውሬው ወገን ነው። መጽሐፉን አልጣለም። ኢማሮ የሚባል የራሱን ጦረኛ ፈጠረ፤ ጦረኛው የሚኖርበትንም አህጉር በአፍሪካ ታሪክና ተረት ሞላው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1981 ወጣ፤ በ1984 የወጣው ሁለተኛው ወደ ኩሽ የሚደረግ ጉዞ ነው። በሃዋርድ ካርታ ላይ ጨለማ የነበረችው ኩሽ በሳውንደርስ ካርታ ላይ ጦረኛው የሚፈልጋት አገር ሆነች።

ሃዋርድን ስንኮንን የራሳችንን ጓዳ ማየት አለብን። ጅብ በሰው ድምፅ ይጠራል ሲል በፕሊኒ የሳቅነው እኛ፣ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን ስንምል ኖረናል። ማን ነው ጅብ የሚሆነው? ንጉሡ አይደለም፤ ነጋዴው አይደለም። ባለእጁ ነው። ማረሻችንን የቀጠቀጠልን፣ ገንቦአችንን የሠራችልን፣ ቆዳችንን የፋቀልን ነው። በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ እየተባሉ ስንት ዘመን ሲሸሹ ኖሩ። ሩቅ አገር ባይኖሩም ደጃቸውን ሄዶ የሚያይ ጠፋ። ጫማ ጠጋኙን ጋይጋክስን አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ያ ሰው እኛ መንደር ቢወለድ ጨዋታውን ከማድነቃችን በፊት ልጆቻችንን ከዓይኑ እንሸሽግ ነበር።

ታዲያ ይህ ጨዋታ የተሠራው ከዚህ ሁሉ አሉባልታ ከሆነ ለምን እተርክላችኋለሁ? በመጽሐፍ የሌለ አንድ ነገር ስላለው ነው። ፕሊኒን አንብቦ «ቆይ፣ ልይ» ማለት አይቻልም። ጠረጴዛው ላይ ግን ይቻላል። ላሳያችሁ።

እንበል፣ ወሩ ኅዳር ነው። ሰሊጡ ታጭዶ ሂላው፣ የነዶው ክምር፣ ቆሟል። አራት ሰዎች በአንድ ፋኖስ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አምስተኛው ተራኪ ነው። አንዱ የያዘው ሰው ከደጋ ለአጨዳ የወረደ ሳሉግ ነው። አንዱ የጉሙዝ ቀስተኛ ሆኗል። አንዷ የገላባት ነጋዴ ናት። አራተኛው ባለእጅ ነው፤ ቢላዋ ይስላል።

ተራኪው ይጀምራል። «ጨረቃ ገብታለች። ሽንፋ ወንዝ በስተግራችሁ ነው። ከሂላው ማዶ አንድ ድምፅ የሳሉጉን ስም ይጠራል። ድምፁ በልጅነቱ የሞተ የወንድሙ ድምፅ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

ሳሉጉ «አቤት አልልም፤ እናቴ አስተምራኛለች» ይላል። ቀስተኛው «ወደ ድምፁ አነጣጥራለሁ» ይላል። ሁሉም ወደ ባለእጁ ዞር ብለው ያዩታል፤ ባለእጁ «ምን አፈጠጣችሁብኝ? እዚሁ ነኝ!» ይላል። ያኔ ነጋዴዋ «አትወርውር። ፋኖሱን ስጡኝ፤ ሄጄ አያለሁ» ትላለች።

ዳይስ ይጣላል። ከ20 ውስጥ 14 ይወጣል፤ በቂ ነው። ቀስ ብላ ሂላውን ትዞራለች። እዚያ ያለው ከድንበር ማዶ ብቻውን የመጣ ልጅ ነው። ቀን ቀን ተደብቆ ሰዎቹን ሲያደምጥ ውሏል፤ ያወቀው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ርቦታል። የወንድም ድምፅ ያስመሰለው የሳሉጉ ኀዘን ነው። ዳይሱ 3 ቢወጣ ኖሮ ፋኖሱ ይጠፋ፣ ቀስተኛው ይደነግጥ፣ ፍላጻው ይወረወር ነበር፤ በማግሥቱም መንደሩ «ጅብ ገደልን» እያለ ይፎክር ነበር።

ይህን ትረካ ደራሲ ብቻውን ቢጽፈው ስብከት ይሆን ነበር። እዚህ ግን ሄጄ አያለሁ ያለችው ተጫዋቿ ናት፤ ተራኪው አላዘዛትም።

ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የመተማ ምድር ስንቅ አያሳጣም። በ1772 ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ ያለፈው በዚህ ነው፤ አገሩ ገብቶ ያየውን ሲያወራ ሎንደን ብዙ ሰው አላመነውም። ያላዩ የጻፉት ታምኖ ያየ ሰው ውሸታም ተባለ። በ1862 ሳሙኤል ቤከር ገላባት ደረሰ፤ በሰቲትና በአትባራ ዳር የሐምራን አረቦች ዝሆን እንዴት እንደሚያድኑ አየ። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያስቆጣል፤ ሲያሯሩጠው ሌላው ከኋላ ደርሶ የእግሩን ጅማት በጎራዴ ይቆርጣል። ጠመንጃ የለ፣ አስማት የለ። ኮናንን ያደነቀ ሰው ለእነዚህ ባርኔጣውን ሊያነሳ ይገባል። ቋራ የመይሳው ካሳ አገር ነው። በአልጣሽ ፓርክ አንበሳ መኖሩን አጥኚዎች በ2016 በካሜራ አረጋግጠዋል፤ ያገሩ ሰው ግን አስቀድሞም ያውቀው ነበር። የዕጣን ዛፍ አለ፣ ጓንግ አለ፣ በክረምት የሚዘጋ መንገድ አለ።

ዘንዶ ለሚፈልግም ሩቅ መሄድ የለበትም። አክሱም ላይ ነገሠ የተባለው አርዌ አለ፤ ጊዮርጊስ ብሩታዊትን ሲያድን የወጋው ዘንዶ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ በአክሱም ዘመን የተመለሰ ፊሳልጎስ የሚባል የአራዊት መጽሐፍም አለን፤ ባለ አንድ ቀንዱም፣ ከአመዱ የሚነሳው ወፍም እዚያ ይገኛሉ። ጋይጋክስ የአውሬ መጽሐፉን ሳያስብ ሊቃውንቶቻችን በብራና ሲገለብጡት ኖረዋል።

እንግዲህ ቃሌን ልስጥና ልነሳ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ጨዋታ ተጫወቱት። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በ1979 ዳይስ ሲጠፋ የጨዋታው አሳታሚ ካምፓኒ ራሱ ቁጥር የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ካርቶኖች ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሸጧል፤ እናንተም ወረቀት ቆርጣችሁ ከቆብ ውስጥ ማውጣት ትችላላችሁ። ካርታውን ራሳችሁ ሳሉ፤ ሽማግሌ ጠይቃችሁ የወንዙንና የተራራውን ስም ጻፉ። አውሬ ይኑራችሁ፤ አውሬ የሌለበት ጨዋታ ጨው የለውም። አውሬውን ግን በእውነተኛ ሰው ስም አትጥሩት፤ በባለእጁም፣ በጉሙዙም፣ በማዶኛውም። በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያባረረው ሰው በገላባት በኩል ልጁን አዝሎ መተማ ገብቷል፤ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ መተማ በዓይኗ አይታለች። ተራኪ የምትሆኑ ደግሞ አንድ ሕግ ጠብቁ፤ ከተጫዋቾቻችሁ አንዱ «ሄጄ አያለሁ» ካለ መንገዱን ክፈቱለት።